የእሜቴ ውሃ ልክ

እኔ ቀጥ ያለ ነገር የምወድ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ልመካ ብዬ ሳይሆን፣ ኋላ የሠራሁትን ጅልነት ስትሰሙ «ይህን ሰውዬ ምን ነካው?» እንዳትሉ ነው። ሠላሳ ዓመት የሕንፃ ሥራ ፎርማን ሆኜ ኖሬያለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ላይ ቱምቢ ሳንጠለጥል፣ ከወለል ላይ ውሃ ልክ ሳስቀምጥ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ማዕዘን ሳይ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ያቺ የተጨፈነችው ዓይኔ እንደ አዲስ ነበረች። የሰፈሩ ሰው ስሜን ከረሳው ቆይቷል፤ ቱምቢ ነው የሚለኝ።

እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ካፌ ገብቼ የግድግዳው ስዕል አንድ ጣት ያህል ከዘመመ፣ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል እንጂ እኔ አልቀመጥም። አንድ ቀን ስዕል ላቃና ወንበር ላይ ብወጣ አስተናጋጁ የግድግዳውን ሰዓት ልሰርቅ መስሎት እግሬን ጥርቅም አድርጎ ያዘኝ። በነገሥታቱ ግንብ በኩል ሳልፍም አንድ ዓይኔን እጨፍናለሁ። (አልዘመመም። ነፍሳቸውን ይማር፣ የድሮ ሰዎች ሥራ ያውቁ ነበር።) ቤቴ ውስጥ የሟች ባለቤቴ ፎቶ አለ፤ ከተሰቀለ ጀምሮ በየጠዋቱ አቃናዋለሁ። የመኪና ድምፅ ነው መሰል፣ በየማታው ይዘማል። እሷም በሕይወት ሳለች እንዲሁ ነበረች፤ አቃንቼ ያስቀመጥሁትን ሁሉ አልፋ ስትሄድ በክርኗ ነካ ታደርገው ነበር።

አሁን በቤቱ ያለነው እኔና ልጄ ሜሮን ነን። ሜሮን ነርስ ናት። ባለፈው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዋ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ጥንቸሉን ለእሷ ትቶላት ሄደ። አመድማ ናት፣ አንገቷ ላይ ነጭ ጸጉር ካባ መስሎ ዞሯል። ሶፋው ሥር እጆቿን አጣምራ ተቀምጣ ሰውን ከላይ እስከ ታች ስታይ ሜሮን ሳቋን ለቀቀችውና «እሜቴ ብያታለሁ!» አለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ልጄ እንዲያ ስትስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እንግዲህ ስሟ እሜቴ ከሆነ ዘንድ አንቺ ልበል ብል አፌ እምቢ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሜቴ ይበላሉ፣ እሜቴ ይተኛሉ፣ እሜቴ የስልክ ገመድ ይበጥሳሉ።

መቼም መጽሐፍ አትብሉ ካላቸው እንስሳት ወገን መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ጎረቤትም ሳያስታውሰኝ ውሎ አያውቅም። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ እሜቴ በፍስክም በጾምም ቅጠል ብቻ ናቸው። እኔ ፋሲካ ሲደርስ ሌሊቱን መንጋቱን እየጠበቅሁ ምራቄን የምውጥ ሰው፣ እሳቸውን ርኩስ ለማለት አፍ የለኝም።

ሜሮን ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ባሕር ዳር ልትሄድ በር ላይ ቆማ፣ «አባዬ፣ እሜቴን አደራ» አለችኝ። ይህችን ቃል ታውቋታላችሁ። አደራ የተባለ ዕቃ ቢሆን ይቆለፍበታል፤ የሚዘል ነገር ሲሆን ግን ምን ይደረጋል? «በእኔ ይሁንብሽ» አልሁ።

በአምስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጎመን ይዤ ስገባ እሜቴ ራሳቸውን ወደ ግራ ዘመም አድርገው አዩኝ። ሬዲዮ ተከፍቶ ስለነበር ዜና የሚያዳምጡ መሰለኝና ደስ አለኝ። ዜናው አለቀ፤ እሳቸው እንደዘመሙ ናቸው። ማስታወቂያው አለቀ፤ እንደዘመሙ ናቸው። ስዕል ቢሆን ኖሮ ዝም አልልም ነበር፤ ለእሜቴስ ምን ይዞኝ ዝም እላለሁ? በሁለት ጣቴ አገጫቸውን ያዝ አድርጌ ቀስ ብዬ አቃናኋቸው። ስለቃቸው ተመለሱ። ደግሜ አቃናሁ፤ ደግመው ተመለሱ። እንዲህ ያለ እልኸኛ ነገር በሥራ ዘመኔ ያየሁት የአንድ መጋዘን በር ብቻ ነው፤ እሱንም በመጨረሻ በመዶሻ ነው ያሳመንሁት።

ከዚያ ልራመድ አሉ። ወደ ጎመኑ ቀጥ ብለው ሊሄዱ ሲነሱ አንዳች ነገር ወደ ግራ ሳባቸውና ክብ ሠርተው ወደ ተነሡበት ተመለሱ። ዓይናቸው ደግሞ መንገድ ሊሻገር ግራና ቀኝ መኪና እንደሚያይ ሰው ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል። ጎመኑ ሳይነካ ቀረ።

ወደ ግራ የዘመመ ነገር ምን ይደረግለታል? ግራው ሥር ሽብልቅ ይገባለታል። ካርቶን አጥፌ በሚተኙበት ሳጥን በግራ በኩል ሥር አስገባሁ። እሜቴ ወደ ቀኝ ተንከባለሉ። ካርቶኑን አውጥቼ በቀኝ በኩል አስገባሁት፤ ወደ ግራ ተንከባለሉ። ቢቸግረኝ በሁለቱም በኩል አስገባሁ፤ ይህ ወለሉ ላይ እንደ ማስቀመጥ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በመጨረሻ የማምነውን መሣሪያዬን፣ ውሃ ልኬን፣ ከቁም ሳጥን አወጣሁና እሜቴ የሚቀመጡበት ወለል ላይ አጋደምሁት። ተደፍቼ አየሁ። አረፋዋ መሐል ላይ የለችም፤ ወደ ቀኝ ሸሽታለች። አረፋ ወደ ቀኝ ሸሸች ማለት ወለሉ ወደ ግራ ወረደ ማለት ነው። ወደ ግራ! እሜቴም ወደ ግራ! ዘልዬ ልቆም ስል ጭንቅላቴ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ፤ ግን ማን ግጭት አስታወሰ? ጥፋተኛው ተገኝቷል። እሜቴ ምንም አልሆኑም፤ የዘመመው ወለሌ ነው።

ይህን ወለል የጣለው ከአይከል የመጣው ግንበኛ አያ ታደገ ነው። አሥራ አምስት ሕንፃ አብረን ሠርተናል፤ በእያንዳንዱም ተጣልተናል። ስልክ አነሳሁና ከሰላምታ በፊት «የሠራህልኝ ወለል ዘሞ እሜቴን አጣመመብኝ!» ብዬ ጮኽሁበት። እሱም «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ጠረቀመብኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏችኋል እንዲህ ነው።

ስልኩን ሳላስቀምጥ ሜሮን በቪዲዮ ደወለች። «አባዬ፣ እሜቴን አሳየኝ እስቲ» አለች። አሁን እውነቱን ብነግራት ምን ነበረበት? ግን አስቡት፤ አደራ ካለችኝ ገና አምስት ቀኗ ነው። ያቺ ሳቅ ትዝ አለችኝ፤ ፈራሁ። ሙያዬም ክፉ ነገር መከረኝ። እሜቴን ጎኔ አድርጌ ስልኩን በፊታችን፣ ልክ በእሜቴ ራስ መጠን ወደ ግራ አዘምሜ ያዝሁት። ወይ ጉድ! እሜቴ በስልኩ ውስጥ እንደ ወታደር ቀጥ አሉ። በራሴ ብልሃት ልኮራ አፌን ስከፍት፣

«አባዬ! ቁም ሳጥኑ ሊወድቅብህ ነው!» አለች።

«የቱ ቁም ሳጥን?»

«ከኋላህ ያለው! የእማዬም ፎቶ ዘሟል! ቤቱ ራሱ ሊገለበጥ ነው እኮ፣ ምን ሆናችሁ?»

«ኔትወርክ ነው» አልሁ። አሁን ይህን ማን አለኝ? «ሰሞኑን እኛ ሰፈር ኔትወርኩ ያዘማል።»

«እሺ አባዬ» ብላ ዘጋችው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ውሸት ግን እያደር ድንጋይ ሆነብኝ፤ ምክንያቱም እሜቴ ያን ቀን ማታ የቀረበላቸውንም አልቀመሱም።

ዓርብ ማለዳ አያ ታደገ የራሱን ውሃ ልክ በጋቢ ጠቅልሎ ከች አለ። ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ሲቆጣ ግን ወደ አርባ ይመለሳል።

«እኔ ታደገ የጣልሁት ወለል ነው ጥንቸል የሚያዘም?» አለ ገና ከበሩ።

«እሳቸውን ጠይቃቸው» አልሁ ወደ እሜቴ እየጠቆምሁ።

«ምነው ቱምቢ? ጥንቸልም አንቱ መባል ጀመረች?»

ሁለት ሽማግሌዎች በደረታችን ወለሉ ላይ ተኛን። የእሱ ውሃ ልክ ከእኔው ጎን ተቀመጠ። ሁለቱ አረፋዎች ተመካክረው እንደመጡ ምስክሮች እኩል ወደ ቀኝ ሸሹ። «አየኸው?» አልሁ። «አየሁት» አለ፤ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ወደ በሩ ወርዷል። ልክ ነው። ይህን ያዘዝኸኝ አንተ አይደለህም? ‹ባለቤቴ ወለል ስታጥብ ወገቧን ያማታል፤ ውሃው ራሱ ወደ በር ይውረድላት› ያልኸኝን ምነው ዛሬ ረሳኸው?»

እውነቱን ነው። ቀጥ ያለ ነገር ወዳዱ እኔ፣ በሕይወቴ ሆን ብዬ አንድ ነገር ያዘመምሁት ያን ጊዜ ብቻ ነበር፤ ለእሷ ብዬ። እሱንም ረስቼው ሰው ልከስስበት ተነሣሁ። አፈርሁ፤ አያ ታደገም አይቶ ፊቱን ወደ እሜቴ አዞረልኝ።

«እስቲ እቺን ዞር አድርጋት» አለኝ።

«ማንን?»

«ጥንቸሏን ነዋ! ፊቷን ወደ ጓዳ፣ ጀርባዋን ወደዚህ። ወለሉ ከሆነ ያዘመማት፣ ስትዞር ወደ ቀኟ ትዘማለች።»

አዞርኋቸው። እሜቴ ያው ወደ ግራቸው ናቸው። ቱምቢ ስጥል የኖርሁ ሰው፣ ጥንቸል ማዞር ሳይታየኝ ቀረ! «እንግዲህ ወለሉ ደኅና ነው» አለ አያ ታደገ ቀስ ብሎ፤ «የታመመችው እሷ ናት።» ይህን ሲል እሜቴ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተንከባለሉና ከሶፋው እግር ጋር ተጋጭተው ቆሙ። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሙሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም እሳቸው እየሞቱብኝ ነበር።

ለማውቀው ባለባጃጅ ደወልሁ። «እሜቴ ታመውብኛል፣ ቶሎ ድረስልኝ» አልሁት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። ሳጥኑን ከፍቶ ሲያይ ጥንቸል አንገቷን አዘምማ አየችው። እሱም ሳያውቀው አንገቱን አዘመመ። «እግዜር ይማርልዎት ጋሼ» ብሎ ብርድ ልብሱን ሳጥኑ ላይ አለበሰልኝና፣ አሮጊት እንደጫነ ሰው ቀስ እያለ ነዳ። የጎንደርን ቁልቁለትና ዳገት ታውቁታላችሁ፤ በየኩርባው እኔም አያ ታደገም እሜቴም አንድ ላይ ወደ ግራ፣ አንድ ላይ ወደ ቀኝ ስንዘም ሄድን።

የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ አንድ በሬ፣ ሁለት በቅሎና አንድ በግ ወረፋ ይጠብቃሉ። እሜቴ በሳጥናቸው ሆነው አምስተኛ ተሰለፉ። ባለበጉ ገበሬ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ።

«ምነው አያ፣ ምን ሆነች?»

«አንገታቸው ዘመመ። ባሉበት ይዞራሉ።»

«አዙሪት ነው በለኛ! በግ እንዲህ ሲያረገው ሳይከሳ አርዶ መብላት ነው እንጂ ሌላ መላም የለው።»

ሳጥኑን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። «ጥንቸል ኮ አይበላም» አለ አያ ታደገ። ገበሬው አገጩን ይዞ አሰበ፣ አሰበና «እንግዲያማ መዳን አለባት» አለ። ለእሜቴ አለመበላት የጠቀማቸው ያን ቀን ነው።

ወረፋችን ደርሶ ስንገባ ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት። እኔን አየች፣ ሳጥኑን አየች፣ እንደገና እኔን አየች። «የታመመው የትኛችሁ ነው?» አለች። ለካ ከትናንት ጀምሮ የእሜቴን ዓይን ቀጥ አድርጌ ለማየት አንገቴን አዘምሜ ስለዋልሁ፣ እዚያው ደርቆ ቀርቷል።

«መቼ ጀመራት?»

«ትናንት ጠዋት።»

«እስካሁን ምን አደረጋችሁላት?»

አያ ታደገ እኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። «ወለሉን ለካን» አልሁ።

ዶክተሯ አልሳቀችም፤ ከንፈሯን ብቻ ነከስ አደረገች። በትንሽ መብራት የእሜቴን ጆሮ ውስጥ እያየች ብዙ ቆየች። ከዚያ ለእኔ በሚገባኝ ቋንቋ ነገረችኝ። በእያንዳንዱ ፍጥረት ጆሮ ውስጥ፣ በጥልቁ፣ ፈሳሽ ያለባት ትንሽ ነገር አለች። ራስ ሲዘም ፈሳሹ ይነቃነቃል፤ ያን ጊዜ አእምሮ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ ያውቃል።

«ውሃ ልክ!» ብዬ ጮኽሁ።

«እንደሱ በሉት። የእሷ የግራው ቆስሏል። ዓለሙ ሁሉ የሚዞርባት ለዚህ ነው።»

እዩልኝ እንግዲህ! እሜቴ የገዛ ውሃ ልካቸው ተሰብሮባቸው ዓለም ሲገለበጥባቸው፣ እኔ በግራና በቀኝ ካርቶን እየጨመርሁ ይበልጥ ገለበጥሁባቸው። ዶክተሯ ግን ስለ ጆሮው ብዙም አልተጨነቀችም፤ የጨነቃት ሆዳቸው ነው። «ጥንቸል አንድ ቀን ሳትበላ ከዋለች አንጀቷ ሥራ ያቆማል። መድኃኒቱ ይሠራል፤ ግን እስከ ሰኞ ድረስ በራሷ አፍ መብላት ካልጀመረች ተስፋ አልሰጥዎትም» አለች። ጠባብ ሳጥን፣ በግራና በቀኝ የተጠቀለለ ፎጣ፣ ጸጥታ፣ ጠዋትና ማታ መድኃኒት፣ የላመ ቅጠል መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ ጥቂት በጥቂት። በመጨረሻ ጣቷን ቀስራ «አንገቷን በእጅዎ እንዳያቃኑ» አለችኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ከባድ ትእዛዝ ተቀብዬ አላውቅም።

ሦስት ቀን ወለሉ ላይ ኖርሁ። ጎመን እፈጫለሁ፣ አጠልላለሁ፣ በአፋቸው ጎን በሲሪንጁ ጠብ አደርግላቸዋለሁ። ግማሹን ይውጣሉ፤ ግማሹ ሸሚዜ ላይ ይቀራል። ጣቶቼ ወደ አገጫቸው ሲሄዱብኝ ከጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጥባቸዋለሁ። ሜሮን ስትደውል «እሜቴ ተኝተዋል፣ አትቀስቅሺያቸው» እላለሁ። አያ ታደገ በየቀኑ ከጓሮው አንድ እቅፍ ጎመን ይዞ ይመጣል። ዓርብ «ይችን ስጣት» ነበር ያለኝ። ቅዳሜ «ሸጋ ጎመን ነው፣ ትቅመሰው» አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ግን በሩ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ «እሜቴ እንዴት አደሩ?» አለ።

ሰኞ ጠዋት አያ ታደገ ሶፋው ላይ፣ እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጠን፣ አንዲት የቆስጣ ቅጠል በአፋቸው ፊት ይዤ ነበር። እሜቴ ዘመው አዩዋት። አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ኩርሽም! ሰማችሁ? ኩርሽም ኩርሽም ኩርሽም! ቅጠሉ ከጣቴ ላይ እየሸሸ በአፋቸው ገባ። «በሉ! አያ ታደገ፣ በሉ እኮ!» ብዬ ጮኽሁ። ሽማግሌው እልል ሊል ሲል ሴት አለመሆኑ ትዝ ብሎት አጨበጨበ። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጮኸ፤ ሜሮን ናት፣ በቪዲዮ። ከደስታዬ ብዛት ምኑንም ምኑንም ረስቼ ከፈትሁና «እይልኝማ! ይበላሉ! በራሳቸው አፍ ይበላሉ!» እያልሁ ስልኩን አስጠጋሁት።

ሜሮን ግን ከእሜቴ አልፋ ከኋላዬ ያለውን አየች።

«አባዬ» አለች።

«አቤት።»

«ዛሬ ቤቱ ቀጥ ብሏል።»

ዞር ብዬ አየሁ። ቁም ሳጥኑ ቀጥ ብሏል። ፎቶው ቀጥ ብሏል። በቤቱ ውስጥ የዘመሙት እሜቴና የእኔ አንገት ብቻ ናቸው። እንባዬ መጣ። «ይቅር በይኝ ልጄ። አደራሽን በላሁ። ዋሸሁሽ» አልሁ።

«ሐሙስ ዕለት ነው ያወቅሁት» አለች፤ ድምፅዋ ሳቅና ልቅሶ ተቀላቅሎበታል። «የእማዬ ፎቶ ዘሟል ስልህ ዞር ብለህ እንኳ አላየኸውም። አንተ! ያን ጊዜ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ። ለአያ ታደገ ደወልሁ፤ በወለሉ ልትከሰው እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሁሉንም ይነግረኛል።»

ወደ ሶፋው ተመለከትሁ። አያ ታደገ ድንገት ጣሪያው አሳስቦት ወደ ላይ ያያል።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ሌሊት እየተነሣህ እንደምታበላት ነገረኝ። እኔ ብኖር ከዚህ የተሻለ አላደርግላትም ነበር» አለችና ያቺን ሳቋን ለቀቀችው። እሜቴ ቆስጣቸውን ሳይተዉ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አዞሩ።

አሁን ሜሮን ከተመለሰች ወር አልፏታል። እሜቴ ይዘላሉ፣ የስልክ ገመድ መብጠስም ጀምረዋል። ራሳቸው ግን ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ እንደዘመመ ቀርቷል፤ ዶክተሯ እንዲሁ ሊኖሩ ይችላሉ ብላለች። አልነካኋቸውም። አያ ታደገ ባለፈው ቅዳሜ መጥቶ «ያን ወለል ላስተካክልልህ እንዴ? ለወዳጅነት ነው» አለኝ። ሜሮን ያን ጊዜ ሱሪዋን ጠቅልላ ወለሉን እያጠበች ነበር። እሜቴ ሶፋው ላይ ወጥተው ከነዘመመ ራሳቸው ያዩዋታል።

«ተወው አያ ታደገ፣ አትንካው» አልሁት።

ሜሮን ባልዲውን ደፋችው። ውሃው ማንም ሳይገፋው፣ ከእናቷ ፎቶ ሥር አልፎ፣ ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ወረደ።